ኦክቶበር ላይ ወረፋ የለም

ሰሞኑን፣ በሴፕቴምበር አንድ ጠዋት፣ ማሞቂያው ከበጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ጀመረና ያ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያማርሩ እኔ ግን እንደ ልጅነቴ ሳብ አደረግኩት። ካልጋሪ፣ ኮርነርስቶን ሰፈር ያለው ቤታችን ገና አዲስ ነው፤ ሽታው ግን ያደግኩበት የዶቨር ሰፈሩ አሮጌ ቤት ሽታ ነው። ያኔ ይህ ሽታ መጣ ማለት አባቴ መዝናኛ ፓርክ ሊወስደን ነው ማለት ነበር።

ዘንድሮም የቤታችን ወሬ መዝናኛ ፓርክ ነው። አባቴን ጨምረን ካሊፎርኒያ ልንሄድ አስበናል፤ መቼ በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። ባለቤቴ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በማርች ይሁን ይላል፣ እኔ ደግሞ ኦክቶበር እላለሁ። ትልቋ ልጄ "ማሚ፣ ላይክ፣ በፎል ማን ቫኬሽን ይወጣል?" ብላ ሳቀችብኝ። አባቴ ባለፈው ክረምት ከታመመ ወዲህ እርምጃው ከብዷል። እስከ ማርች ጉዞ ይችል ይሆን የሚለው ፍርሃት ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ከረመ እንጂ ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ከደሴ ይዞት የመጣውና ካልጋሪም ያላስጣለችው አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሰው መቅደም አይሆንለትም። ቤታችን በር ላይ ከእንግዳ ጋር ከተገጣጠመ "ይለፉ፣ ወላሂ አልቀድምም" ሲል ምግባችን ይቀዘቅዝ ነበር። መጀመሪያ ፓርክ የወሰደን በበጋ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው። እናቴ ሰው ቤት የተጠራን ይመስል የዒድ ልብሳችንን አልብሳ፣ ሳምቡሳ በትልቅ ሳህን ይዛ ወጣች። ወረፋው ላይ ቆመን አባቴ ዞር ሲል ሕፃን ያቀፈች ሴት አየና አሳለፋት፣ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ደግሞ ልጇ የሚያለቅስባትን፤ እኛም እንዳናለቅስ ሳምቡሳ እየታደለን ወደኋላ ወደኋላ ስንል ዋልን። ቀኑን ሙሉ የደረሰን የሚሽከረከሩት ሲኒዎች ላይ አንድ ዙር ብቻ ነበር። ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ፣ "የሰው ልጅ ሁሉ ተሳፈረ፣ ያንተ ልጆች ቀሩ፤ ታክሲ ላይ ያለህ መሰለህ እንዴ?" ብትለው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ጠባዩን መለወጥ ቢያቅተው ወቅቱን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምንሄደው ኦክቶበር ላይ፣ ፓርኩ ለክረምት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሆነ። በዒድ ልብሳችን ላይ ወፍራም ጃኬት ደርበን፣ ንፍጣችንን እየሳብን፣ ቢጫ ቅጠል በሞላው ግቢ ውስጥ ከአንዱ መጫወቻ ወርደን ሌላው ላይ እንወጣለን። የምንይዘው ብረት ከቅዝቃዜው የተነሳ እጅ ያቃጥል ነበር። አባቴ የሚያሳልፈው ሰው አጥቶ ግራ ቀኙን ያያል፤ እናቴ ማሽኑን የሚያስነሳው ልጅ ብርድ ሲመታው አንጀቷ አይችልምና ከፔርሙዝ ሻይ ትቀዳለታለች፣ እሱም ሻዩ እስኪያልቅ ያዞረናል። ያን ያህል የሳቅኩበት ቦታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። እናቴ አሁን የለችም፤ ፓርኩ አለ፣ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ግን የሰው ቤት ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት አባቴን ይዤ ኢንተርናሽናል አቬኑ ወዳለው ሥጋ ቤት ሄድኩ። ወረፋው በሩ ድረስ ደርሷል። ከፊታችን የቆመ ያገራችን ልጅ አባቴን አየት አደረገና "አባባ፣ እርስዎ ይለፉ" አለው። እኔ የለመድኩትን ክርክር፣ መሐላውን፣ እጅ ለእጅ መጓተቱን ጠበቅኩ። አባቴ ግን የልጁን ክንድ ተደግፎ "አላህ ይስጥህ" አለና ቀደመ። ሌሎቹም ተራ በተራ ጥግ ጥጉን ሲይዙለት ከአንዳቸውም ጋር ሳይከራከር ባንኮኒው ጋ ደረሰ።

እኔ ከኋላ ቀርቼ ጀርባውን አየሁት፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቷል። ዕድሜ ልኩን እሱን ማስቀደም ያቃተን ሰዎች ነን። አሁን በአንድ ቃል እሺ አለ።

እዚያው ወረፋው ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩ።

"የኦክቶበሩን ቡክ አድርግ" አልኩት።

"የልጆቹ ስኩልስ?"

"ስኩሉማ እስከ ማርችም ይጠብቃል" አልኩት።