ጋቢና የገባ ሰው

አቃቂ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ በሾፌርነት በተቀጠርኩበት ቀን፣ የስምሪት ኃላፊው አቶ ተካልኝ የአይሱዙውን ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እንዳነብለት አዘዘኝ።

«ሰው መጫን ክልክል ነው» ብዬ አነበብኩ።

«ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው» አለና ቁልፉን ሰጠኝ።

በዚያው ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም ጋ ስደርስ ታክሲ ያጣ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ጽሑፉን ለማንበብ ጊዜ ያለው ማንም አልነበረም።

ሊፍት የሚለምን ሰው በሩ እስኪከፈትለት ድረስ መልአክ ነው። «ወንድሜ፣ በእመቤቴ፣ እስከ ቃሊቲ ብቻ!» ይላል። በሩ ሲዘጋ ሌላ ሰው ይሆናል። አንዱ ከረባት ያሰረ፣ ገና ሳይደላደል ስልኩን አውጥቶ፣ «እየመጣሁ ነው፣ ሾፌሩ ትንሽ ቀርፋፋ ሆኖብኝ ነው» አለ። ሾፌሩ እኔ ነኝ። ትንሽ እንደሄድን ሌላ ሰው እጁን ሲያነሣ ደግሞ፣ «እንዳትቆምለት፣ የዘንድሮ ሰው አይታመንም» ብሎ መከረኝ። እሱን ራሱን ያመንኩት አሁን ነበር።

እንዲህ ሰው እየጫንኩ ስያዝ ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰበሰብኩ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ሳሙና ጭኜ ወደ ቃሊቲ መጋዘን ስሄድ፣ አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው አስፋልቱን እየተከተሉ ሲሮጡ አየሁ። ልጃቸው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ስንቅ ይዘውለት ነው፤ የጠያቂ ሰዓት ሊያልፍባቸው ነው። ማስጠንቀቂያዎቹ ትዝ ሲሉኝ ፍሬኑን ረግጬ፣ እሳቸውም ጋቢና ገብተው ነበር።

ብዙም ሳንርቅ አቶ ተካልኝ የቤት መኪናው ተበላሽቶበት፣ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ያወዛውዛል። ነዳጁን ረግጬ ላልፈው ፈጠንኩ።

«ልጄ፣ ሰው ቆሟል እኮ፣ አላየኸውም?» አሉኝ።

«አየሁት እማማ። የምሮጠው ስላየሁት ነው።»

«ነውር ነው! ቁምለት!»

ቆምኩ። እሳቸው ወደ እኔ ተጠግተው ቦታ ለቀቁለት።

«እኚህ ማን ናቸው?» አለኝ አቶ ተካልኝ በሩን እየዘጋ።

«እናቴ ናቸው» አልኩ ደንግጬ። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ንፍሮ ሲዘግን የዋለው እሱ ነበር።

«እናትህንማ ቀብረናል» አለ። «አቁምና አውርዳቸው። ይሄ መኪና የሚጭነው ሳሙና ነው፣ ሰው አይደለም።»

እማማ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ እያመቻቹ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተስ ልጄ፣ ሳሙና ነህ?»

አቶ ተካልኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም አላቆምኩም።

ማረሚያ ቤቱ በር ስንደርስ ፖሊሱ የመጨረሻዎቹን ጠያቂዎች እያስገባ ነበር። እማማ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ሮጠው ገቡ። ደስ አለኝ፤ ሥራዬ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

አቶ ተካልኝን እስከሚሄድበት አደረስኩት። ሲወርድ «ተባረክ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት የስንብት ደብዳቤዬን በገዛ እጁ ሰጠኝ፤ ምክንያቱ «ሰው በመጫን» ይላል። የትኛውን ሰው እንደሆነ አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በሌላ ድርጅት ነዳሁ። የዚያም መኪና በር ላይ ያው ጽሑፍ ነበር፤ እኔም ያው ነበርኩ።

ለእናንተ ለወጣት ሾፌሮች የምለው ይህን ብቻ ነው። ጋቢና የገባ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እንደነበር ይረሳል። ይህን እያወቃችሁ አሳፍሩ።