የዘይነባ መጥበሻ

ጥሩ መጥበሻ ማለት እንቁላል የማይጣበቅበት ነው ይባላል። ውሸት ነው። በአዲስ የብረት መጥበሻ ላይ ሁሉም ነገር ይጣበቃል፤ ካልተጣበቀ ወይ ፋብሪካው አንድ ነገር ቀብቶታል፣ ወይ ከእናንተ በፊት ሌላ ሴት ዓመታት ደክማበታለች። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ትዳር ልትይዝ ስለሆነ ደሴ ውስጥ ዕቃ ስንገዛ ይህንኑ ነገርኳት፤ የሚያብለጨልጨውን አስመልሼ ግራጫውን፣ ወፈር ያለውን፣ መቀመጫው ያልጎበጠውን፣ እጀታው በችንካር የተመታውን አስያዝኳት፤ ባለሱቁ ገንዘብ ያጠረን መስሎት አዘነልን። ቤት ገብተን የፋብሪካው ቅባት እንዲቃጠል እሳት ላይ ስንጥደው ግን ያ የጋለ ባዶ ብረት ሽታ ተነሣና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ዘይነባ ሻይ ቤት ነበራት፤ በበጋ ከደሴ ለሚመጡት የጭነት መኪና ሾፌሮች እንቁላል የምትጠብሰው በአንድ የብረት መጥበሻ ነበር፤ ከመጥቆሩ ብዛት ፊት የሚያሳይ፣ እንቁላሉ ሳይነኩት ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትበት። ሾፌሮቹ ከአንቺና ከመጥበሻሽ የቱን እናግባ እያሉ ሲቀልዱባት፣ እሱ እንደናንተ አያወራም፣ እሱን ተዉልኝ ትላቸው ነበር።

ረሀቡ ሲመጣ መኪናውም እንቁላሉም ቀረ። ደሴ አጠገብ ኩታበር ያሉት እናቷ መዳከማቸውን ሰው ነገራትና ልታመጣቸው ልጆቿን ሰይድንና ፋጡማን ይዛ ተነሣች። በተነሣችበት ጠዋት መጥበሻውን በነጠላ ጠቅልላ እናቴ ዘንድ መጣች። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሷ ሙስሊም። በእኛ አገር ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፤ ሥጋ ሲሆን ግን ሁሉም የራሱን ያርዳል፣ ዕቃውም ይለያል፤ ይህን እንደ ጠብ የሚቆጥረው ከሩቅ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

«እቴ፣ ብረት ሥራ ከፈታ ይዝጋል» አለቻት። «ጥበሽበት። ሥጋ ብቻ እንዳታስነኪብኝ። ኢንሻአላህ ለመስከረም እመለሳለሁ።»

«ሥጋ ከየት አምጥቼ ነው?» አለች እናቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

የሚጠበስ ነገር ስላልነበረን እናቴ በየሐሙሱ መጥበሻውን አሙቃ፣ ከጠርሙሱ ሥር በቀረችው የኑግ ዘይት በጨርቅ ታሸው ጀመር። የእኛ ወጥ ዘይት ካየ ወራት አልፎት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጨርቁን ሰርቄ እጠባው ነበር። ሰው ጦሙን ሲያድር ብረት ሲቀለብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ስለ ታማኝነት የሚጻፉ የሚያምሩ ነገሮችን ሳነብ እስከ ዛሬ የዚያ ጨርቅ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል።

መስከረም አለፈ፤ ሌላም መስከረም አለፈ። ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት መጣ፣ ዘማች ተማሪዎች መጡና አንዱ እኛ ቤት ተመደበ። ደግ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ባላባት የተወረሰ በሬ ታርዶ ድርሻውን ይዞ ገባና መጥበሻ ጠየቀኝ። እናቴ ገበያ ወጥታለች። የእኛ ሸክላ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልቻልኩም፤ የማን እንደሆነ እያወቅሁ የዘይነባን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠሁት። ጮማው ሲንጫጫ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም።

እናቴን ሽታው ከበር ተቀበላት። ልጁ ነገሩ ሲገባው፣ አሁን ሙስሊም ክርስቲያን ማለት ቀርቷል፣ ሁሉም እኩል ሆኗል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ዕቃዋን አስቀምጣ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

«እኩል ከሆንን እንግዲህ፣ ልጄ፣ የእሷም ደንብ እንደኔው ይከበርላታ» አለችው።

ሥጋውን ወደ እኛ ሸክላ ገልብጣ መጥበሻውን ይዛ ወጣች።

የሰፈራችን ሸህ በውሃ ማጠብ ይበቃል ቢሏት፣ ደግ ስለሆኑ ነው ብላ አላመነቻቸውም። ሦስት ቀን በአሸዋና በአመድ ፈገፈገችው፤ ከዚያ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ ያ ባዶ ብረት የሸተተኝ ያኔ ነው። ሲወጣ እንደ አዲስ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ እንቁላል በተገኘ ጊዜም የመጀመሪያው ተጣብቆ አረረ። የዘይነባ የስንት ዓመት እጅ ከአመዱ ጋር ተደፋ። እናቴ ጨርቁን አንሥታ ከመጀመሪያው ታሟሸው ጀመር፤ እስክትሞትም ሥጋ አላስነካችውም። ለኔ ስትሰጠኝ ውርስ እንዳይመስልሽ አለችኝ።

ኩታበር ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ በዚያ ዓመት ልጆች ይዛ በእግሯ የመጣች ሴት አንዲት መሰለችሽ ወይ አሉኝ። ሻይ ቤቱ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ የሚከራዩት ልጆች የዘይነባን ስም ሰምተው አያውቁም። መጥበሻው እንደገና ጥቁር ነው፣ እንቁላሉም ይንሸራተትበታል፤ ጥቁረቱ ግን የእኛ እንጂ የእሷ አይደለም፤ የእሷን እኔ በልቼዋለሁ።

በየሐሙሱ ብረት መቀባት ደክሞኛል። ሰይድን ወይም ፋጡማን የምታውቁ፣ ንገሩልኝ። ሥጋ የነካው አንድ ቀን ነው፣ እሱም በኔ ጥፋት ነው በሏቸው። በጀርባው ምልክት አለ፤ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልናገርም፣ እነሱ ያውቁታል። መጥተው ይውሰዱት።