ከጋሼ ማሰራጫ የቆረጥኩት ኃይል

በመሥሪያ ቤቴ ሃያ ዓመት በጀት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። የሚያስፈልገውን ብቻ ጽፎ የሚልክ ክፍል የለም። እኛ ግማሹን እንደምንሰርዝ ስለሚያውቅ እጥፉን ይጠይቃል፤ እኛም እጥፉን እንደጠየቀ ስለምናውቅ ግማሹን እንሰርዛለን። ማንም ቅር አይለውም። ይህን አመሌን እሑድ እሑድ ወደምንሠራት ሳተላይት ይዤው መሄዴ ነው ጥፋቴ።

አራት ነን፤ አራታችንንም የሬዲዮ ፍቅር ይዞናል። የምንሰበሰበው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩት ጋሼ ማሰራጫውን ይሠራሉ። ጎረቤቴ ካሜራውን ይዟል። አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከነፎቶ መላኪያው ትሠራለች። ለእኔ «አንቺ በጀት ታውቂያለሽ» ተብሎ የኃይል ክፍፍሉ ተሰጠኝ።

ሳተላይቷ በሁለት መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ሳጥን ናት። ፀሐይ ስታገኝ በሶላሯ ባትሪዋን ትሞላለች፤ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ከባትሪዋ ትበላለች። ሶላሩ በአማካይ የሚሰጠን ሁለት ዋት ብቻ ነው። ትልቅ ሶላር እንዳንገጥምላት ቦታ የላትማ! ሦስቱ የጠየቁትን ስደምር አራት ዋት ሆነ። እኔ እቴ፣ ምን አስደነገጠኝ! እስክሪብቶዬን አነሳሁና ከሁሉም ላይ ግማሽ ግማሹን ሰረዝኩ።

ጎረቤቴና ልጅቷ ተያይተው ሳቁ። ጋሼ ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩት፣ አዩትና «እሺ ልጄ» አሉ። እኔ ሞኟ የተስማሙ መሰለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ሕንፃው አናት ላይ፣ የውሃ ሮቶዎቹ መሃል ሞከርናት። የጋሼ ማሰራጫ ሥራው አንድ ነው፤ እሳቸው የቀዱትን አጭር ሰላምታ ወደ ምድር መላክ፣ ተራ የእጅ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲያናግሩ የኖሩ ሰው፣ አንድ ቀን በእጃቸው የሠሩት ነገር ሲናገር መስማት ነው ምኞታቸው። የህዋውን ርቀት እንዲያስመስልልን ድምፁን የሚያዳክም ዕቃ መሃል አስገባንና ሬዲዮውን ከፈትን። እሽሽሽ ብቻ። ደገምን። እሽሽሽ።

«እንግዲህ ይውጣ» አለ ጎረቤቴ። «በሱ ቦታ ሁለተኛ ካሜራ እናስገባ። ሰኞ ንድፉን ለሚያመጥቁልን ሰዎች ማስረከብ አለብን።»

«ይውጣ፣ ምን ችግር አለው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ግን ሰለለ። አንጀቴን በሉት፤ ተናደድኩም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የሚበቃው ስንት ነው?»

«መጀመሪያ የጻፍኩት ነዋ።»

«ታዲያ ስቆርጠው ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ሂሳብ አዋቂ ነሽ። እኔ ያላየሁትን አይተሽ ነው ብዬ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብድግ ብዬ የኃይል መለኪያውን ሽቦ ካሜራው ላይ ሰካሁ። ወይ ጉድ! ግማሹን ሰርዤበት እንኳ ከሰጠሁት ላይ ያተርፋል። የኮምፒውተሩም እንደዚያው። ሦስት እጥፍ ነበር የጠየቁት፣ ጉደኞቹ!

«ያው ትቆርጫለሽ ብዬ ነዋ» አለ ጎረቤቴ አንገቱን ደፍቶ። ልጅቷ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ምን እላቸዋለሁ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ከሁለቱ የተረፈውን ሁሉ ለማሰራጫው መለስኩ። ልክ ሁለት ዋት፤ ሞላ። ሬዲዮውን እንደገና ስንከፍት ከእሽሽሽው መሃል የጋሼ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው» እያለ። ጋሼ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔም አለቀስኩ።

ደረጃውን ስንወርድ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ኧረ አንቺ ምን አጠፋሽ!» አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «አሠራሩን ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ግድ የለም፣ ለሚቀጥለው እኔም እጥፍ አድርጌ እጽፋለሁ።»

ፊታቸውን አየሁት፤ እየቀለዱ አልነበረም። በሰባ ዓመታቸው ውሸት አስተማርኳቸው።