የአባባ ሐንፈሬ ድንጋይ

አሰብ ውስጥ ዓይናዲስን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት በመርከብ የገባ ነው ወይ ፎቶ መነሳት የሚፈራ ነው። ፎቶ ቤቷ ከወደቡ በር ብዙም አይርቅም፤ ከባድ መኪኖች ተራ እየጠበቁ ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነበር። የኢትዮጵያ ጭነት በዚያ ወደብ ስለሚገባና ስለሚወጣ ሾፌርና ረዳት ከተማውን ሞልቶታል። ጭነት እስኪደርሳቸው ሥራ የፈቱት እሷ ዘንድ ይገባሉ፤ ለቤተሰብ የሚልኩትን ፎቶ ይነሱና ቀና ብለው ግድግዳዋን ያያሉ። ላሊበላ አለ፤ የአክሱም ሐውልት አለ፤ የፋሲል ግንብ አለ። ከላስታ የመጣ ሾፌር ባርኔጣውን አውልቆ ፎቶው ፊት ሲያማትብ ስታይ እንደ ልጅ ደስ ይላታል።

ሁሉንም ያነሳችው ራሷ ናት። የአሰብ ሙቀት መተንፈሻ ሲያሳጣ ፎቶ ቤቷን ትቆልፍና ከምታምነው ሾፌር ጋር ጋቢና ተሳፍራ ወደ ደጋ ትወጣለች። ሌላው ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ እሷ የምትሄደው ፍርስራሽ ፍለጋ ነው። የፈረሰ ግንብ፣ የተፈለፈለ ዋሻ፣ የማን እንደሆነ የተረሳ መቃብር ካለ ዓይናዲስ እዚያ ናት። ካሜራዋን በባለ ሦስት እግር መቆሚያዋ ላይ ትተክላለች፣ ፊቷ የቆመውን ሰው ሁሉ ታስነሳለች። ቄስ ሳይቀር፣ «አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ጋረዱት» ትላለች። ፈቀቅ ያላለላት የለም።

ስለ ፎቶዋ ስትናገር ደግሞ ትሕትና የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። «የእኔ ፎቶ አይንቀጠቀጥም» ትላለች። አልፎ አልፎ የተንቀጠቀጠ ከወጣ ባለቤቱ እያየ ቀዳ ትጥለውና እንደገና ታነሳዋለች። «ዱቄት የተነፋበት ፊት ይዘህ ከቤቴ አትወጣም!» እዚህ ድረስ ማንም አያማትም። ጥፋቷ ሌላ ነው፤ መጠየቅ አትወድም። የምታውቀውን ታስረዳለች፣ የማታውቀውን ደግሞ ገምታ ታስረዳለች።

ጎረቤቷ ሐስና መምህርት ናት፤ ከአባቷ ከአባባ ሐንፈሬ ጋር ትኖራለች። አባባ ሐንፈሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለ ጀልባ ነበሩ። ወደ ጥዖ ከተማ በሚወስደው የባሕር ዳር፣ ከባሕር በተቆረጠ ነጭ ድንጋይ የተሠራ የአንድ ወልይ፣ ሙስሊሙ እንደ ቅዱስ የሚያከብራቸው ሰው፣ መቃብር አለ። ጉልላቱ ተሰንጥቋል፤ አጠገቡ የነበረው ትንሽ መስጊድ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። መቃብሩን የመሳለሚያው የዚያራ ጊዜ ሲደርስ ሕዝቡን በጀልባ ጭነው የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ፤ ልጅ ሆነው ከጀመሩ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን ከጀልባ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻውም ሐኪሙም ሞከሩ፤ ከአልጋ ወደ ደጃፍ ከመድረስ በላይ አልሆነም።

ሕመሙ አይደለም ያንገበገባቸው። «ዘንድሮ መቃብሩ ዘንድ ስሜ ሲጠራ አልኖርም» ይላሉ። «ሐንፈሬ ቀረ ይባላል። ወልዩም ይረሱኛል።» ሐስና ይህን እየሰማች ማታ ማታ ታለቅሳለች። ራሷ እንዳትሄድላቸው ትምህርት ቤቱ ፈተና ላይ ነው፤ አባቷንም ለማን ትታ?

ዓይናዲስ ይህን ስትሰማ አፍታም አላሰበችበት።

«እርስዎ መሄድ ካቃተዎት መቃብሩን እዚህ አመጣልዎታለሁ» አለቻቸው። «ላሊበላን ያመጣሁ ሰው ይህ ያቅተኛል?»

አባባ ሐንፈሬ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ነፋሱ ክፉ ነው፣ ልጄ።»

«እሱስ እውነት ነው። መቆሚያዬ ቀላል ነው፤ ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል። ግድ የለም፣ አንድ መላ አላጣም።»

በማግሥቱ ገና ሲነጋጋ ዓምሩ ፒካፑን ይዞ መጣ። ዓምሩ በጥዖ መንገድ ለዓሣ አጥማጆች በረዶ የሚያደርስ የአፋር ልጅ ነው። ዓይናዲስ ሙቀቱ እንዳያበላሸው ፊልሟን በብልቃጥ ዘግታ በረዶው ውስጥ ቀብራ፣ ልትሳፈር ስትል ሐስና በጨርቅ የታሰረ ነገር ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«አባቴ ነው የላከው። አደራ ብሏል፣ እዚያ ስትደርሺ...»

ዓይናዲስ ጨርቁን ስትቀበል ድንጋይ መሆኑን በክብደቱ አወቀች። «አወቅኩት! ለነፋሱ ነው! ከመቆሚያው ሥር ሳንጠለጥለው ቀጥ ያደርግልኛል። አባትሽ ብልህ ሰው ናቸው!» ዓምሩ ጥሩምባውን ነፋ። «ሐስንዬ፣ በረዶው ሳይቀልጥብን እንሂድ!» አለችና በሩን ዘጋች።

መንገዱ ረዘመባት። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ዓምሩም ግመል ነጂ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ወርዶ ይቀመጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ዝናብ የት እንደጣለ ይናገራል፣ ይሰማል። ዓይናዲስ በመስኮት ብቅ ብላ ትነጫነጫለች። መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ጠባቂው ሽማግሌ ማን እንደመጣችና ለማን ፎቶ እንደምታነሳ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ፈቃድ ጠይቂ የሚላትም አልነበረም።

ዓምሩ አውርዷት በረዶውን ሊያደርስ ቀጠለ። እሷ ሥራዋን ጀመረች። ከመቃብሩ በር ፊት የድንጋይ ክምር ነበር፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ከየአገሩ የተለቀመ የሚመስል። ዙሪያው አሸዋ ብቻ ስለሆነ ክምሩ ለዓይን ጎልቶ ወጣላት። ከፊት አደረገችው። ለዚያራ መጥተው ቁጭ ያሉትን ሰዎች አስነሳች። የአባባ ሐንፈሬን ድንጋይ በጨርቁ እንደታሰረ ከመቆሚያው ሥር አንጠለጠለች። ነፋሱ ቀሚሷን እየገለበ ሲታገላት ካሜራው ንቅንቅ አላለም።

ጠባቂው ወደብ ላይ ሲሠራ በተማረው አማርኛ ከኋላዋ ጠየቃት። «ሐንፈሬ ምን ላከ?»

«ሰላምታ ልከዋል» አለች፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል። ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ፎቶው ሲታጠብ ራሷም ተደነቀች። የጉልላቱ ስንጥቅ፣ የግድግዳው ድንጋይ፣ ክምሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠጠር ይቆጠራል። አስፍታ አተመችውና ድንጋዩንም ይዛ ወደ አባባ ሐንፈሬ ሄደች። መጀመሪያ ፎቶውን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ክምሩ ላይ እያዞሩ አንድ ነገር መፈለግ ጀመሩ።

«ድንጋይዎ ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር» አለችና ጨርቁን ፈትታ አጠገባቸው አስቀመጠች። «ይኸው መልሼልዎታለሁ።»

የአባባ ሐንፈሬ ጣት ቆመ። ሐስና በእጇ አፏን ያዘች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ መለሱ።

«ሲመለስ አይቼ አላውቅም» አሉ። «እንግዲህ ወልዩ አልፈለጉኝም።»

ነገሩን የነገረቻት ሐስና ናት፣ ደጅ ይዛት ወጥታ። ወደዚያ መቃብር የሚሄድ ሰው በንጋት ከገዛ ደጃፉ ድንጋይ ያነሳል፤ እዚያ ሲደርስ ስሙን ጠርቶ ክምሩ ላይ ያኖረዋል። መሄድ ያልቻለ በሰው እጅ ይልካል። ድንጋዩ ከደረሰ ሰውዬው ደርሷል። ከተመለሰ ግን...

ዓይናዲስ ፊቷ ጋለ። የጠባቂው ጥያቄ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም። ግን ተሸማቅቃ የምትቀር ሴት አይደለችም፤ ተመልሳ ገባችና ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ስሙኝ። ወልዩ አልመለሱትም። እኔ ነኝ የመለስኩት። አላሳየኋቸውም፤ እንዴት ይመልሱታል? የተቀበለችው እጅ ይቺ ናት፣ የምታደርሰውም ይቺው ናት።» ድንጋዩን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። አባባ ሐንፈሬ አልከለከሏትም።

ዓምሩ በነጋታው በረዶ ሲጭን ቀድማው ጋቢና ተቀምጣ አገኛት። በዚህኛው ጉዞ ለዳጉ ሲቆም አልተነጫነጨችም፤ እንዲያውም ወርዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። «የሐንፈሬን ድንጋይ ይዣለሁ በላቸው» አለችው። ዓምሩ እየሳቀ ነገረላት።

ሲደርሱ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ጫማዋን አወለቀች። ድንጋዩን ክምሩ ላይ አኖረችና በሙሉ ድምፅዋ፣ «ሐንፈሬ መጥቷል!» አለች። ቁጭ ያሉት ሁሉ ስሙን ተቀብለው ጠሩት። ማንንም ፈቀቅ በሉ አላለችም።

ከዚያ ካሜራዋን ተከለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ነፋሱ ካለፈው ብሷል። ሌላ ክብደት መያዝ በችኮላዋ ረስታለች፤ በዚያ አሸዋ ላይ ከክምሩ በቀር ድንጋይ የለም፣ ከክምሩ ደግሞ አሁን ማን ይነካል? የመቆሚያውን እግሮች በእጇም በጉልበቷም ይዛ ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳች።

ጨለማ ክፍል ገብታ ስታጥበው ሁሉም ተንቀጥቅጧል። ጉልላቱ ጭስ መስሏል፤ ሰዎቹ ፊት የላቸውም፤ ክምሩ አናት ላይ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ይታያል። ሻል ያለውን መርጣ ይዛ ሄደች።

«ይህን ለማሳየት ያህል ነው» አለች፣ ገና ከበሩ። «አይተው ሲጨርሱ እቀደዋለሁ። ሌላ ቀን የጠራ አነሳልዎታለሁ።»

አባባ ሐንፈሬ ፎቶውን ወደ ብርሃን አቀረቡት። «ይኼ ጥቁሩ ነው?»

«እሱ ነው። ስምዎንም ጠርቻለሁ፤ ሁሉም ጠርተውታል።»

«ለምን ተንቀጠቀጠ? አንቺ እኮ አይንቀጠቀጥብሽም።»

«ነፋሱ ነዋ፣ አባባ። ያን ጊዜ ድንጋይዎ ይዞልኝ ነበር። አሁን የሚይዝልኝ አጣሁ።»

«አጣሽ?»

«አጣሁ። ድንጋይዎ እዚያ ቀረ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። ዓይናዲስ እንደ ልማዷ ልትቀድ እጇን ስትዘረጋ ፎቶውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ከትራሳቸው ሥር ያን የጠራውን፣ ጠጠሩ የሚቆጠረውን ፎቶ አውጥተው ሰጧት።

«ይኼን ለግድግዳሽ ውሰጂው» አሉ። «እዚህኛው ላይ እኔ የለሁበትም።»