እጇ የሚከፈትበት ሰዓት

ልብስ ስፌት ቤቱ ሥራ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቆራጯ ግን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትደርሳለች። ለትጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እጇን ለመክፈት ነው። ጓዳ ገብታ ውሃ ታሞቅና እጆቿን እስከ አንጓቸው ትነክራለች፤ ከዚያ እንደ ዛገ ማጠፊያ የደረቁትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ታፍታታለች። ሌሎቹ ሲገቡ መቀሷን ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። "እንዴት አደርሽ?" ሲሏት "ተመስገን" ትላለች። ውሸቷን ነው።

ሕመሙ ከያዛት ስምንት ዓመት ሆኗል። ሐኪሙ፣ ሰውነቷን መጠበቅ የነበረበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያዎቿን እንደሚያጠቃ፣ ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒት ጋብ እንደሚል ነገራት። እሷም ለእህቷ ስታስረዳ "ዘበኛዬ ሌባውን ትቶ እኔን ይደበድባል" አለቻት። በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን ኪኒን ቅዳሜ ማታ ትውጣለች፤ ማቅለሽለሹ እረፍቷን ይብላ እንጂ ሥራዋን እንዳይነካ። ጉንፋን ሲይዘን ሰፈር የምናስጨንቅ ሰዎች ይህችን ሴት አይተን ብናፍር አይበዛብንም።

ችግሯ ኩራቷ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ መድኃኒቱንም እየዋጠች ትሸሽግ ነበር። አንድ ጠዋት መቀሱ ከእጇ ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት አየ። ክፉ ሰው አይደለም። "ብዙ ደክመሻል፤ ከመጪው ወር ጀምሮ በር ላይ ተቀመጪና ደንበኛ ተቀበይ" አላት። ለእሷ አዝኖ ነው። እሷ ግን ሃያ ዓመት ከቆመችበት ጠረጴዛ ልትነሳ መሆኑን ስትሰማ መቀሱን ከወለሉ አንስታ ጨርቋ ላይ አጎነበሰች።

በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ ለሙቅ ውሃውም አልበገር አሉ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ መምህር የካፖርት ጨርቅ ተዘርግቷል። ጠመኔውን በጭብጧ ይዛ መስመሩን እንደምንም ጨረሰች፤ መቀሱን ግን አልቻለችም። ከጎኗ የሚሠራው ሁለተኛው ቆራጭ ለክቶ ለክቶ ስለማይጠግብ "ሚሊሜትር" ይሉታል። "ይቺን ቁረጥልኝ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ" አለችውና ወደ ጓዳ ሄደች። እጄ እምቢ አለኝ ማለት ሞት ሆነባት።

እንግዲህ ቆራጭ ሁሉ አንድ አይደለም። እሷ የምታሰምረው የስፌቱን ትርፍ ጨምራ መቀሱ የሚሄድበትን ነው። ሚሊሜትር የሚያሰምረው መርፌው የሚሄድበትን ነው፤ ለስፌት ሁለት ጣት ትቶ ከመስመሩ ውጪ ይቆርጣል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን ጨርቅ ነክቶ ስለማያውቅ ይህን ተነጋግረው አያውቁም። ሚሊሜትር እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ጨመረ። ካፖርቱ ተሰፍቶ ሲለካ ከመምህሩ ጋር ሌላ መምህር የሚያስገባ ሆነ።

ባለቤቱ ካፖርቱን ይዞ መጣ። "ይኸው፣ የፈራሁት ይህን ነበር" አላት።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ ሚሊሜትር ፈጥኖ። "እሷ የለችበትም።"

ዝም ብትል ጥፋቱ ከእሷ ይወርድ፣ ምናልባትም ጠረጴዛዋ ይተርፍላት ነበር። ደግሞም ለመነችው እንዴ? ራሱ ነው የገባበት። ግን አላስቻላትም።

"አይስሙት ጋሼ። ጣቴ አልታጠፍ ቢለኝ ነው የሰጠሁት። ያንን ላለመናገር ስል መስመሬ የቱ እንደሆነ እንኳ ሳልነግረው ሄድኩ። እጄ ታሟል፤ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓይኔ ግን አልታመመም።"

የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። እንባዋ መጣ፤ መጥረጊያ የሚሆን የሚታጠፍ ጣት አልነበራትምና በክንዷ ጠረገችው።

ባለቤቱ ራሱ የድሮ ሰፊ ነው። ካፖርቱን ገልብጦ የጠመኔውን መስመር ፈለገና ከመምህሩ ልክ ጋር በሜትሩ አስተያየ። አንዴ ለካ፣ ደገመ።

"መስመርሽ ፍንክች አላለም" አለ በመጨረሻ። "የሰፋ ልብስ ይጠባል። በር ላይ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ ግን እጅሽ እንዴት እንዳደረ በየጠዋቱ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።"

"እሺ" አለች። ስምንት ዓመት ከተሸከመችው ሁሉ ይህ ከበዳት።

በማግስቱ ባለቤቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "እጅሽስ?" አላት። የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

"ዛሬ እስከ አራት ሰዓት አይከፈትም።"

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሚሊሜትር የራሱን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አደረገና መቀሱን አነሳ።

"ከየት ልጀምር?" አላት።