ወደ ኋላ የማይሄደው ሰሌዳ

ሃማሳኪ ቺዙ በታራኖሴ ደሴት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። መደቧ በወረቀት ላይ «የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ» ይላል። የሚያፈሰውን ጣራ ትደፍናለች፤ ደወሉ ሲበላሽ መዶሻ ይዛ ብረት ትመታለች፤ በብርዱ ወራት የየክፍሉን ምድጃ ትለኩሳለች። በየወሩ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ወሬ ትጽፋለች።

ይህን የመጨረሻውን ማንም አላዘዛትም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ወሬውን ይጽፉ የነበሩት መምህር ታመው ወደ ዋናው ምድር ሲሄዱ፣ እስከ ግማሽ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ቀረ። ቺዙ ጠረጴዛውን ልትወለውል ገብታ አየችው፤ ቁጭ ብላም ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ብዕሩን የሚቀማት አልተገኘም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። የላይኛው ግማሽ «ወሬ»፣ የታችኛው «የሚመጡ ዝግጅቶች» ይባላል። ወሬ ማለት ለቺዙ ትልቅም ትንሽም የለውም። የሁለተኛ ዓመቷ ናጊሳ ከፍታ ዝላይ ላይ የራሷን ልክ በሦስት ጣት አሻሻለች። ከሳይንስ ክፍሉ አጽም ላይ የጠፋችው ትንሿ ጣት ተገኘች፤ የወሰደቻት ድመቷ ናት። ወፎቹ ዘንድሮም ደረጃው ሥር ጎጆ ስለሠሩ በግራ በኩል ይወጣ። በደሴቱ ላይ ልጅ የሌለው ቤት ከልጅ ካለው ይበዛል፤ ቢሆንም ወረቀቱን ሁሉም ያነብበዋል። ትምህርት ቤቱን የሠሩት የእነሱ አባቶች ናቸው። የቺዙ አባት ለመሠረቱ የሚሆነውን ጠጠር ከባሕር ዳር በጀርባቸው ያመላልሱ ነበር፤ እሷም ባመላለሱት ጠጠር ላይ ተቀምጣ ተማረች።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ወረቀቱ መቆንጠጫ ባለው ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይያዝና ለመጀመሪያው ቤት ይሰጣል። ያ ቤት ያነብባል፤ በተመደበለት ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ የቤቱን ማኅተም ያሳርፋል፤ ከዚያ ሰሌዳውን የሚቀጥለው ቤት በር ላይ ይሰቅላል። አርባ ሰባት ቤቶች አሉ። አርባ ስምንተኛው የመምህራን ማደሪያው ነው። ሰሌዳው ከስምንት ቀን በኋላ ወደ ቺዙ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው የሚያስደንቀው ነገር። የቤቶቹ ቅደም ተከተል የመንገዱ ቅደም ተከተል አይደለም፤ የጀልባዎቹ ነው። ድሮ ጀልባ በሰው ጉልበት አሸዋው ላይ ሲጎተት እያንዳንዱ ጀልባ የማይለወጥ ቦታ ነበረው። ያን ጊዜ ጀልባቸው ጎን ለጎን ይቆም የነበረ ሰዎች ዛሬም ሰሌዳውን የሚቀባበሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ቤቱን ኮረብታ ላይ ቢሠራ፣ ሌላው ወደቡ አጠገብ ቢቀር ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሰሌዳው ከኮረብታው ወደ ወደቡ ይወርዳል፣ ከወደቡ ተነሥቶ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ይደርሳል፣ ተመልሶ ኮረብታውን ይወጣል። ሙሉውን ቅደም ተከተል በቃሉ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከማን እንደሚቀበልና ለማን እንደሚያቀብል ነው። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፦ ሰሌዳው ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚጎተት ጀልባ የሌላውን መንገድ ይዘጋ ነበርና።

በየካቲት መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ኩዋባራ ቺዙን አስጠሯት። ከከተማ ከመጡ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ከክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ የመጣ ደብዳቤ ተዘርግቷል።

«ወይዘሮ ሃማሳኪ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ሱሪዬን ጥላሸት ነክቶታል።»

«በዚህ ወር ወረቀት ላይ ከመጋቢት በኋላ ያለውን ባዶ ይተዉት።»

«ባዶ?»

«አምስቱ ተማሪዎች ከሚያዝያ ጀምሮ ዋናው ምድር ላይ እያደሩ ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ሪፖርቱን በወሩ ሃያ እልካለሁ፤ ቢሮው እስኪያስታውቅ ድረስ ምንም አይባልም።»

«የስፖርት ቀን ግን መስከረም የመጨረሻው እሑድ ነው። እኔ ሳልወለድም እንደዚያ ነበር።»

«ተማሪ ከሌለ የስፖርት ቀን የለም።»

«ተማሪማ አለ። ዛሬ ጠዋት ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው።»

ኩዋባራ መነጽራቸውን አወለቁ። የተናደዱ አይመስሉም፤ የደከሙ ይመስላሉ። «በጥር የነዋሪዎች ስብሰባ ጠራን። የቢሮው ሰው በመርከብ መጣ። ሰማንያ ወንበር ተደርድሮ አንድ ነፍስ አልመጣም። ‹ነዋሪዎች ተቃውሞ የላቸውም› ተብሎ ተመዘገበ። ሌላ ምን ይባል ነበር?»

 ሰማንያውን ወንበር የደረደረችው ራሷ ቺዙ ናት። ያን ቀን ማለዳ ባሕሩ ጸጥ አለ፣ ውሃውም ሸሸ፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ በድምፅ ማጉያ «ዛሬ ዓለቱ ተከፍቷል» አለ። ዓለቱ የሚከፈተው በብርዱ ወራት አራት ወይም አምስት ማለዳ ብቻ ነው። ዓለቱ ላይ የሚበቅለውን የሚበላ የባሕር ቅጠል ያን ዕለት ያልለቀመ ዓመቱን ሙሉ ከሰው ይለምናል። ሁሉም ሰው ጎረቤቴ ስብሰባ ይሄዳል ብሎ ወደ ዓለቱ ወረደ። እዚያ ሲገናኙም ተያይተው ተሳሳቁ። ቺዙም የመጨረሻውን ወንበር አስተካክላ፣ ክፍል ውስጥ የምታደርገውን ጫማ አውልቃ፣ ቅርጫቷን ይዛ ወርዳ ነበር። ስቃም ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ጻፈች። ወሬ በሚለው ሥር የናጊሳን ዝላይና የምድጃዎቹን መጠረግ ካሰፈረች በኋላ እንዲህ አለች፦ «በጥር ወር ስብሰባ ማንም ስላልመጣ ደሴቱ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ተስማምቷል ተብሎ ተመዝግቧል። ያን ቀን ሁላችንም ዓለቱ ላይ ነበርን። እኔም ነበርኩ።» የሚመጡ ዝግጅቶች በሚለው ሥር ደግሞ፦ «መስከረም፣ የመጨረሻው እሑድ፦ የስፖርት ቀን። እያንዳንዱ ቤት ምን እንደሚያመጣ ከማኅተሙ አጠገብ ይጻፍ።» በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ስሟን ጻፈች። አንድ ቅጂ አባዛችና ቅጂውን ሰሌዳው ላይ ቆነጠጠች።

የመጀመሪያው ጀልባ የቶራኪቺ ስለሆነ ሰሌዳውን ይዛ ወደ ቤታቸው ሄደች። ቶራኪቺ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ወረቀት የሚያነብቡት ጮክ ብለው ነው።

«‹ተስማምቷል›? ማነው የተስማማው?»

«ዝምታችን ነዋ፣ አባባ።»

«እኔ ዝም ብዬ አላውቅም! ሚስቴን ጠይቂ!»

«አያውቅም!» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ።

ሽማግሌው ማኅተማቸውን በትንፋሻቸው አሙቀው አሳረፉ። አጠገቡም «የገመድ ጉተታውን ገመድ እኔ አመጣለሁ» ብለው ጻፉ።

ቺዙ ግን አንድ ነገር ረስታ ነበር፤ ለማስቀመጫ የሚቀረውን ዋናውን ወረቀት ከማባዣ ማሽኑ ክዳን ሥር አላነሣችውም። ኩዋባራ በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ሊያባዙ ክዳኑን ገለጡ።

«ይመልሱት!» አሉ ኮሪደሩ ላይ አግኝተዋት፤ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

«አይመለስም።»

«እንዴት አይመለስም? ወረቀት እኮ ነው!»

«ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ከመጀመሪያው ቤት፣ ከቶራኪቺ በኋላ የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ሲመጣ ግን ይመጣል።»

«እንግዲያው እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» አሉና ካፖርታቸውን አነሡ።

ከቶራኪቺ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ቤት አንኳኩ፤ ሰሌዳው የለም። የሚቀጥለውን አንኳኩ፤ አሁንም የለም። ከሰዓት በኋላ እያለከለኩ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወዳለው ወደ አሮጊቷ ሚዎ ቤት ደረሱ።

«ሰሌዳው? አሁን ነው የሄደ» አሉ ሚዎ።

«ወዴት?»

«ወደ ጎረቤቴ፣ ወደ ኢሶቤ።»

«ኢሶቤ ማለት ወደቡ ላይ ያለው በረዶ ቤት? ያ ጎረቤትዎ ነው?»

«አዎን፤ ጀልባችን ጎን ለጎን ነበር።»

«አሁን ጀልባ አለዎት?»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት ለማገዶ ፈለጥነው። ምነው፣ ሊገዙ ነበር?»

ሚዎ የደረቀ ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልለው በኪሳቸው ከተቱላቸው። ኩዋባራ ቁልቁል ወረዱ። የኢሶቤ ሚስት ግን ርዕሰ መምህሩ ኮረብታውን ሲወርዱ በመስኮት አይታ፣ ወረቀቱን እየሄደች አንብባ፣ በመንገድ ላይ ማኅተሟን አሳርፋ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ላለው ቤት አድርሳ ተመልሳለች። ሰላምታዋ በጣም የሞቀ ነበር።

ቀኑ እንዲህ አለፈ፤ የሚቀጥለውም፤ ከዚያ በኋላ ያለውም። ስልክ ቢደውሉ የሚያነሣው ሰው ሰሌዳውን ገና አልተቀበለም፤ ወይም አቀብሏል። አምስቱ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ተደርድረው ደሴቱን ይቃኛሉ።

«አክስቴ ቺዙ፣ ነይ እይ! ርዕሰ መምህሩ እንደገና ኮረብታውን እየወጡ ነው!»

«ምን ሆነው ነው?» አለ አንዱ።

«ለስፖርት ቀን እየተለማመዱ ነው» አለች ናጊሳ።

ቺዙ መስኮቱን ዘጋችው። «በሰው መሳቅ ነውር ነው» አለች፤ ግን ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው ያለችው። ልቧም አላረፈም። ሰሌዳው ከተያዘ፣ በወሩ ሃያ የሚላከው ሪፖርት ያንኑ የጥርን ዝምታ ይዞ ይሄዳል። ወንበሮቹን የደረደረችው ሴት ቅርጫቷን ከመያዟ በፊት አንድ ጊዜ ወደ አዳራሹ ዞራ ብታይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ኩዋባራ ተስፋ ቆርጠው፣ ተረከዛቸው ቆስሎ፣ ወደ ማደሪያቸው ተመለሱ። ሰሌዳው በራቸው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል።

በማግሥቱ ጠዋት ቺዙ የኮሪደሩን ምድጃ አመድ ስታወጣ በብብታቸው ይዘውት መጡ።

«ለካ እኔም አለሁበት። በየወሩ እየደረሰኝ ረስቼው!» አሉ።

«መጨረሻ ላይ ነዎት። የመምህራን ማደሪያ ጀልባ ኖሮት አያውቅም።»

ኩዋባራ አጠገቧ አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። አርባ ሰባት ቀይ ማኅተም። የጉተታው ገመድ። ሁለት ድንኳን። ለመቶ ሰው የሚሆን የሩዝ ድብልብል። ከበሮ። አንዲት ሴት «ጉልበቴ ታሟል፤ ቁጭ ብዬ እጮኻለሁ» ብላለች። ሚዎ «ጀልባ የለኝም፤ ስኳር ድንች አለኝ» ብለው ጽፈዋል።

«አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል» አለች ቺዙ።

«እዚህ ላይ ማኅተሜን ካሳረፍኩ ‹ተቃውሞ የለም› የሚለውን መላክ አልችልም። ይገባዎታል?»

«ማኅተሙ ‹አንብቤዋለሁ› ማለት ብቻ ነው። አንብበውታል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲያው።»

«ቢሮው ይቆጣል።»

«ይቆጣ። እኛ አንድ ቀን ዝም ብንል ‹ተስማሙ› ተባልን። አሁን ደግሞ አርባ ሰባት ቤት ተናግሯል። ይህን ምን ብለው እንደሚመዘግቡት እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

 ኩዋባራ ከደረት ኪሳቸው ማኅተማቸውን አወጡ፤ አሳረፉትም። ብዕሩንም ይዘው አመነቱ።

«ሁሉም የሚያመጣውን ጽፏል። እኔ ምን ልጻፍ?»

«ምን ይችላሉ?»

«እንጃ… ሩጫ።»

«እሱንማ አይተናል» አለች ቺዙ፤ ሳቋም አመለጣት። ርዕሰ መምህሩ «እሮጣለሁ» ብለው ጻፉ።

በሃያ የተላከው ፖስታ ውስጥ ከሪፖርቱ ጋር የሰሌዳው ወረቀት ቅጂ ነበረበት። ከሪፖርቱም ላይ «ተቃውሞ የላቸውም» የሚለው መስመር ወጥቷል። መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሞላ። እስከዚያ ድረስ ፖስታ የምታመጣው መርከብ በመጣች ቁጥር ቺዙ መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ትቆም ነበር፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም። ደብዳቤው አጭር ነው፦ ውሳኔው ለአንድ ዓመት ተራዝሟል፤ ስብሰባውም ለነዋሪዎች በሚመች ቀን እንደገና ይጠራል።

ተማሪዎቹ ደረጃውን በግራም በቀኝም እየዘለሉ ወረዱ። ኩዋባራ እፎይ ብለው ወደ ቺዙ ክፍል ገቡ። የመጋቢትን ወረቀት እየጨረሰች ነበር። በትከሻዋ በኩል አነበቡ።

«የስብሰባ ቀን፦ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ ሲሞላ። ወንበር ሰማንያ፤ ካነሰ ከቤት ይምጣ። መስከረም፣ የመጨረሻው እሑድ፦ የስፖርት ቀን። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም፣ የመጨረሻው እሑድ፦ የስፖርት ቀን። በሦስተኛው ዓመት መስከረም፣ የመጨረሻው እሑድ፦ የስፖርት ቀን።»

«ወይዘሮ ሃማሳኪ፣ ቢሮው የሰጠን አንድ ዓመት ነው እኮ።»

«ቢሮው የሰጠው እሱ ነው» አለች ቺዙ። «እኔ ደግሞ የጻፍኩት ይኸው።»

ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ቆነጠጠችና፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ወደ ቶራኪቺ ቤት ሄደች።