ስለ መድን የጻፈውን ሰው ታሪክ ስጽፍ

በኖርዌይ ዋና ከተማ፣ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የደንበኞችን ደብዳቤ ስመልስ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ለሰው የሚወራ አልነበረም። አንድ ቀን ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ስለ መድን የጻፈውን አሮጌ መጽሐፍ አገኘሁ። ሰውየው እንደኔው የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በትርፍ ጊዜው ሕይወታቸውን መድን አስገብተው፣ ሞተናል ብለው ስለሚደበቁ አጭበርባሪዎች ይጽፋል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደረቴ ተነፋ። ለካ እንደኔ ያለ ሰውም መጽሐፍ ይጽፋል! የሕይወት ታሪኩን በአማርኛ ልጽፍ ቆረጥኩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለሱ ያላወራሁት ሰው የለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ንግግር እንዳደርግ ተፈቀደልኝ። ክራቫቴን አስሬ፣ ቤታቸውን ኢንሹራንስ ያላስገቡትን አንድ ሰዓት ገሠጽኩ። ሰዉ እንደጾመ በትዕግሥት ሰማኝ።

በሳምንቱ ከሥራ ሆልምሊያ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስመለስ የልብስ ማጠቢያዬ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ሳሎን ገብቷል። ከታች የሚኖሩት ኖርዌጂያዊት ባልቴት ባልዲ ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል።

"ጣራዬ እያፈሰሰ ነው" አሉኝ፣ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል።

"አይጨነቁ፣ ኢንሹራንስ አለኝ" ብዬ በኩራት መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ባልደረባዬ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ፈለገች።

"አንተ እኮ የቤት ኢንሹራንስ የለህም።"

"እንዴት? አለኝ እንጂ!"

"የነበረህ ሊንደበርግ ሰፈር ለነበረው ለድሮው ቤትህ ነው። ስትለቀው አቋረጥከው። አዲሱን ቤት አስመዝግብ ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ።"

ደብዳቤው ትዝ አለኝ። የማውቀውን ነገር ምን አስነበበኝ ብዬ ሳልከፍተው ነበር የጣልኩት።

ሊንደበርግ ጎረቤቴ የነበረችው፣ በጽዳት ሥራ የምትተዳደረው የቤተ ክርስቲያን እህታችን ስደውልላት የውሃ መምጠጫ ማሽን እየጎተተች መጣች። ንግግሬን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰምታ ነበር። የራሰውን የጽሑፌን ክምር አንስታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እኚህ እንግሊዝ ለራሳቸው ቤት ኢንሹራንስ ነበራቸው?"

የተወለደበትን ሰፈር፣ የኮቱን ቀለም ሳይቀር ፈልጌ ጽፌአለሁ። ይህን ግን ጠይቄ አላውቅም።

"እንጃ" አልኳት።

ሳቋን ለመደበቅ ማሽኑን አስነሳች።

ሰኞ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ፊት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተቀምጬ የቤት ኢንሹራንስ ውል ፈረምኩ። ውሃው ያበላሸውን የባልቴቷን የሳሎን ጣራ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ መሰላል ላይ ቆሜ በእጄ ቀባሁ። እያረፍኩ ስለ እነዚያ ሞተናል ባይ አጭበርባሪዎች ባወራላቸው፣ ላስቲክ የለበሰው ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንዱን ጥግ ሳልቀባው እንደቀረ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው።